ጤና አዳም የበላሁበት እሑድ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሶስና ልትጠይቀኝ መጣች። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ከብዙ ወጣቶች ይልቅ እኔ ቶሎ እወጣዋለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጎረቤቶቼን መጠየቅ ይቻላል። ሶስና ግን እያረፈች ነበር የወጣችው። ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው።

ከቦርሳዋ እርጎና አንድ የሚያብረቀርቅ እሽግ አወጣች። እሽጉ ላይ የቅጠል ሥዕል አለ፤ ከሥሩ «ንጹሕ የደረቀ ጤና አዳም» ይላል።

«ሆዴን ትንሽ ይቆርጠኛል አባባ። መሥሪያ ቤታችን ያለች ሴትዮ አፍልተሽ ጠጪው አለችኝ» ብላ ወደ ምድጃው ሄደች።

እሽጉን ከእጇ ነጠቅኳት። እኔ ከሰው እጅ የምነጥቅ ሰው አይደለሁም። መነጽሬን አድርጌ ፊቱንም ጀርባውንም አነበብኩት። ክብደቱ አለ። የሚያበቃበት ቀን አለ። «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ምን ያህል እንደሚጣል፣ ለማን እንደማይሰጥ ግን አንዲት ቃል የለችም።

«ተፈጥሯዊ እኮ ነው አባባ» አለችኝ።

«ዝናብም ተፈጥሯዊ ነው። ጎርፍ ሲሆን አላየሽም?» አልኳትና ምድጃውን አጠፋሁት። ከዚያ አስቀምጬ አሁን የምጽፈውን ነገርኳት።

በደርግ ዘመን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ጎሚስታ ቤት እሠራ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የእኔን ያህል ያነበበ ጎሚስታ ነበር ቢሉኝ አላምንም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግቼ እጨርሰው ነበር። እንግሊዝኛ የጀመርኩት ከጎማ ላይ ጽሑፍ ነው፤ በኋላ መዝገበ ቃላት ገዝቼ ብቻዬን ገፋሁበት። መኪናቸውን የሚያሠሩ ትልልቅ ሰዎች «ይህ ልጅ የት ነው የተማረው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። አሠሪዬ «እዚሁ ነው፤ ከጎማው ጋር ነው የነፋነው» ይላቸዋል።

አባትና እናታችን ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ናት። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ በአንዲት የቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። እትዬ እርጎ ትሸጣለች። ወተቱን ማለዳ ከከተማ ዳር ከሚመጡ ሴቶች ትቀበላለች፤ በወይራ ጭስ በታጠነ ቅል ታረጋዋለች፤ ሊሸጥ ሲል ለሽታ አንዲት የጤና አዳም ቅጠል ጣል ታደርግበታለች። አንዲት ብቻ። ያ ሽታ ከመንገዱ ማዶ ይጠራ ነበር። ጤና አዳሙ በራችን ላይ በትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ እንደ ቁጥቋጦ ተንዠርግጓል። ጎረቤት ሲያልፍ ይቀጥፋል፤ ለቡናውም፣ ለበርበሬውም፣ ለሆድ ቁርጠቱም። ማንም አስፈቅዶ አያውቅም፣ እኛም ጠይቀን አናውቅም። በሰፈራችን ጤና አዳም እንደ ቧንቧ ውሃ የጋራ ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዘለቀ ይባላል። ቤቱ ከእኛ ቤት በላይ ነው፤ ከሚስቱ ከብርቄና ከእናቱ ከእማማ ደብሪቱ ጋር ይኖራል። ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው ሰው ነበር። ቢሆንም ልጅ አጥቶ ብዙ ዓመት መቆየቱን ሁሉም ያውቃል፤ ሲያልፍ የሰው ሕፃን አይቶ ፊቱን የሚያዞረውን አይቻለሁ። አንድ ክረምት ላይ ብርቄ አረገዘች። እሷና እማማ ደብሪቱ እመቤታችን የሰጠችን ልጅ ነው ብለው ተሳሉ፤ ብርቄም ነፍሰ ጡር መሆኗን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ፍልሰታን እስከ መጨረሻው ጾመች። ጓድ ዘለቀ የአብዮት ሰው ነውና ጾም አይወድም። ግን አልከለከላትም። ልጁን የፈለገው ከሁላቸውም በላይ እሱ ነበር።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ማለዳ ዝናቡ ሳያባራ ብርቄ በራችን ላይ ደረሰች። ነጠላዋ ረጥቧል። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው። እትዬ አስካለ በትልቁ ብርጭቆ ቀዳችላት፤ ቆማ ጠጣች፤ ደገመች።

«አስኩ፣ ጾሙን ሁሉ በሕልሜ ያየሁት ይህን ነው» አለች ከንፈሯን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

«ቀስ በይ እንጂ፤ ባዶ ሆድ ነው» አለቻት እህቴ።

«እኔን ተይኝ፤ ይሄኛው ነው የጠማው» ብላ ሆዷን አሳየቻት። ሁለቱም ሳቁ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ልጁ ወረደ።

ክሊኒክ ሲወስዷት የጤና ረዳቱ ድሬሰር ገና መርምሮ ሳይጨርስ «ጤና አዳም ወስዳለች እንዴ? ይህ ቅጠል ለነፍሰ ጡር አይሆንም» ብሎ ጠየቀ አሉ። ብርቄ ራሷን አታውቅም። ጓድ ዘለቀ ነው የመለሰው። ትኩስ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ትዝ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እርጎ ጠጥታለች። የአስካለን እርጎ» አለ።

በማግስቱ የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው እትዬ አስካለን ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወሰዷት። ጤና አዳሙንም ከነቆርቆሮው ተሸክመው ሄዱ። ማስረጃ ነው አሉ። ከኋላቸው ስከተል የቁጥቋጦው አንድ ጎን እስከ ግንዱ ተመልጦ አየሁ። ጠባቂዎቹ ጨፍልቀውት ነው ብዬ አለፍኩት። በዚያች ሰዓት የቅጠል ነገር ማን ያያል?

ክሱ «የሊቀመንበሩን ልጅ ሆን ብላ በመርዝ ገድላለች፤ ይህም በአብዮቱ ላይ የተሠራ አሻጥር ነው» የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ያልኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቅ ይሆናል። እኛ አልሳቅንም። ከቀበሌ በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛ የተላለፈ ሰው ምን እንደሚሆን እናውቅ ነበር። እሑድ ሕዝብ ተሰብስቦ ጉዳዩ ይቀርባል፣ ከዚያ ትተላለፋለች ተባለ።

ምሳ ይዤላት ሄድኩ። ጠባቂው ሳህኑን ከፍቶ ወጡ ውስጥ ጣቱን ከቶ «ጤና አዳም የለበትም አይደል?» ብሎ ጓደኛውን ጠቀሰው። እትዬን በበሩ ቀዳዳ ነው ያየኋት። ዓይኗ አብጧል።

«ታዴ፣ ወተቱን አረጋኸው?» አለችኝ።

«እትዬ፣ አሁን የወተት ነገር ይነሳል?»

«ሰው ነገ ይመጣል። ባዶ እጁን እንዳትመልሰው።»

ማንም አልመጣም። ቅሎቹ ተደርድረው ሆመጠጡ። ትናንት ቅጠላችንን ሲቀጥፉ የነበሩ ጎረቤቶች በደጃችን ማለፍ ትተው በላይኛው ጭቃ መንገድ መዞር ጀመሩ። ሌሊት ሌሊት የእህቴን መኝታ እያየሁ እቀመጥ ነበር፤ ጠዋት ተነስቼ ደግሞ እሮጣለሁ።

መጀመሪያ ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ፤ ቅመምና ቅጠል የሚሸጡ ሴቶች ያሉበት። ከእነሱ አንዷ እንኳ መጥታ «ይህ ቅጠል ሰው የሚበላው ነው» ብትል ብዬ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት ጋ ቀረብኩና ነገሬን አስረዳሁ። ጤና አዳሙ ጉልበቷ አጠገብ ተከምሯል፤ ሽታው ያፍናል። ቀበሌ የሚለውን ቃል ስትሰማ ጆንያ አንስታ አለበሰችው።

«እኔ ጤና አዳም ሸጬ አላውቅም» አለችኝ።

«እናቴ፣ ይኸውና እዚህ!»

«የቱ?»

ከዚያ በእግሬ ሜክሲኮ ድረስ ሄጄ አንድ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ፋርማሲስቱ ነጭ ጋውን የለበሰ ትሑት ሰው ነበር፤ ሰምቶ ጨረሰልኝ።

«መርዝ አይደለም ብለው ይፈርሙልኝ» አልኩት።

«አልችልም።»

«መርዝ ነው እንዴ?»

«እሱንም አልልም። ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው በልክ የተሠራውን ነው። ስንት ክኒን፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለማን አይሰጥም የተባለውን። የእናንተን ቅጠል ማን መዘነው? መድኃኒት ነው እንዳልል በመድኃኒትነት አልተመዘገበም። ምግብ ነው እንዳልል ሰው ለሕመም ይጠጣዋል።»

«ታዲያ የሚመለከተው ማንን ነው?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ማንንም» አለኝ።

ይህን መልስ ይዤ በዝናብ ወደ ልደታ ተመለስኩ። በዚያ መንገድ ላይ እንዳለቀስኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁን ተናገርኩ። የሚመዝነው ከሌለ እኔው በሆዴ እመዝነዋለሁ የሚለው ሐሳብ የመጣልኝም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ የእኔ ጭንቅላት አያጣውም ነበር።

እሑድ ዝናቡ አረፍ ብሎ የነሐሴ ፀሐይ ወጣች። ከዝናብ በኋላ የምትወጣው፣ ቆዳ የምትልጠው ፀሐይ። የቀበሌው ግቢ ሞልቷል፤ የቀረ ሰው የስኳር ወረፋውን ያጣልና ማንም አይቀርም። እትዬ አስካለን በሁለት ጠባቂ መካከል አቆሟት። ቆርቆሮው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እማማ ደብሪቱ ጥቁር ለብሳ ከፊት አግዳሚው ላይ ነበረች። ጓድ ዘለቀ ተነስቶ ተናገረ። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም፤ ወረቀት ሳያይ፣ አጭር አድርጎ ነው የተናገረው። «ልጄን የበላው ይህ ቅጠል ነው። ያበላችው ይህች ሴት ናት» አለ። ከዚያ አስተያየት ያለው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

ተነሳሁ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ንግግር ነበር። የእህቴን ፊት ሳይ ግን ሁሉም ጠፋኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅጠሉ መርዝ ከሆነ እኔ ልሙት። እዚሁ ፊታችሁ እበላዋለሁ። ካልሞትኩ እህቴን ልቀቁልኝ» አልኩ።

«ታዴ፣ ተው!» አለች እትዬ።

ግቢው ተንጫጫ። «ጎሚስታው ዶክተር ሆነ!» አለ አንዱ። «እንጀራ ጨምሩለት!» አለ ሌላው። ከኋላ አንዲት ሴት «እሱ ምን ይሆናል፤ አላረገዘ!» ስትል ሳቅ ሆነ። ጓድ ዘለቀ ብቻ አልሳቀም። «ይብላ» አለ።

ወደ ጠረጴዛው ሄጄ ከቁጥቋጦው በሁለት እጄ እየመለጥኩ አፌ ውስጥ ከተትኩ። እርጎ ውስጥ ስታሸቱት እንዴት ያለ ነገር ነው! በጥርስ ሲታኘክ ግን ሌላ ነው። ምሬቱ ምላስ ያደነዝዛል፤ ዘይቱ በአፍንጫ ይወጣል፤ ዓይን ያስለቅሳል። ዋጥኩት። ደገምኩ። ቀንበጡ ሲያልቅ ግንዱ ላይ የቀረውንም ለቀምኩ። በርታ፣ በርታ የሚሉ ነበሩ። ጨርሼ አፌን በእጄ ጠረግኩና ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ሰፈሩ ውስጥ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው የለም።

«እንጠብቅ» አለ ጓድ ዘለቀ።

ተጠበቀ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት። መጀመሪያ ሆዴ ሞቀኝ፤ ደህና ነው አልኩ። ቀጥሎ አንድ ነገር ከውስጥ አንጀቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ጥርሴን ነከስኩ። የእህቴን ጫማ እያየሁ ቆሜ ለመቆየት ሞከርኩ፤ ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። ወደቅሁ። በሰው ሁሉ ፊት አስመለስኩ። ተነስቼ እንደገና ወደቅሁ።

ሲስቁ የነበሩት ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ሕዝቡ አይቷል» አለ ጓድ ዘለቀ። «የገዛ ወንድሟ አረጋገጠልን። ውሰዷት።»

የሰው ልጅ ከዚህ በታች ይወርዳል ብዬ አላስብም። እህቴን ላድናት ብዬ ለሞት ያቀረብኳት እኔ ሆንኩ፤ እሷ ደግሞ ጠባቂዎቹ እየጎተቷት የምትጮኸው «ውሃ ስጡት! ልጁን ውሃ ስጡት!» እያለች ነው። ለመናገር አፌን ስከፍት አረፋ ብቻ ወጣ።

ያኔ እማማ ደብሪቱ ከአግዳሚው ተነሳች። በትሯን እየመታች መጥታ አጠገቤ ጎንበስ አለች። ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ባዶ ግንድ አየች፤ እኔን አየች።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ነው የበላኸው?»

ራሴን ነቅንቄ አዎን አልኳት።

ወደ እትዬ አስካለ ዞረች። «አስካለ፣ አንቺ እርጎው ላይ የምትጥይው ምን ያህል ነው?»

«አንዲት ቅጠል፣ እማማ። ለሽታ። እርስዎም ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ» አለች። «እኔ ግን እፍኝ ሙሉ ነው የቀቀልኩት።»

«እማዬ፣ ተቀመጪ» አለ ጓድ ዘለቀ።

«አልቀመጥም። ጾም የዋለ ሆድ እርጎ ሲጫነው ቁርጠት ያዛት። እያቃሰተች ስታድር ማለዳ ወጥቼ ከአስካለ በር ላይ ቀጠፍኩ፤ አስካለ ወተት ልትቀበል ሄዳ ነበር። ያን አንድ ጎን ጨረስኩት። አፍልቼ አጠጣኋት። አልጠጣም፣ መረረኝ ስትለኝ አፍንጫሽን ይዘሽ ጨርሺው አልኳት። እናቴም ለቁርጠት ይህንኑ ነበር የምታጠጣኝ፤ ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ይኸው፣ ይህን የሚያህል ጎረምሳ ጥሎታል። እሷን እንዴት አይጥላት?»

ጓድ ዘለቀ እናቱን አየ። ስብሰባው አልቋል ሳይል፣ መፈክር ሳያሰማ፣ ከጠረጴዛው ተነስቶ ወደ ቢሮው ገባ። ጠባቂዎቹ የሚያዛቸው አጥተው የእህቴን ክንድ ለቀቁ። ፍርድ የለ፣ ይቅርታ የለ። እየሮጠች መጥታ ራሴን አቀፈችው።

ከንፈሬና አገጬ ከዚያ በኋላ ውሃ ቋጥሮ ተላጠ፤ ቅጠሉን የነካ ቆዳ ፀሐይ ሲመታው እንደሚቃጠል ያወቅሁት ያኔ ነው። ሰዎች እስከ ዛሬ «ዕድል ነው የረዳህ» ይሉኛል። እኔ አልቀበልም። ፋርማሲስቱ ያልመዘነውን፣ ክሊኒኩ ያልለየውን፣ እኔ በሆዴ መዝኜ ለይቻለሁ። አንዲት ቅጠልና አንድ እፍኝ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልደታ ያወቀው በእኔ ነው። ሐውልት ባይቆምልኝም እውነቱ ይኸው ነው።

ቀበሌው ግን ሌላ ትምህርት ወሰደ። ጤና አዳም በሰፈሩ እንዳይተከል፣ በምግብም በመጠጥም እንዳይገባ ተከለከለ ተባለ። ጠባቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ነቀሉት። ሰው ደግሞ በጓሮ፣ በአልጋ ሥር ሳይቀር ደበቀው። ለምን እንደተከለከለ፣ ምን ያህሉ እንደሚጎዳ የነገረው ስለሌለ ደብቆ ያፈላው ጀመር። ያን ያስቆመችው እማማ ደብሪቱ ናት። ያረገዘች ሴት ባለችበት ቤት ሁሉ በትሯን እየመታች ትደርሳለች። «ለሽታ አንዲት ቅጠል፤ ላንቺ ግን እሷም ትቅር። እኔን ያየሽ» ትላለች። እኔን ያየሽ ስትል የሚሰማው ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋ ነበር።

ጓድ ዘለቀ ከዚያ ወዲህ ከእናቱ እጅ ውሃ ሲቀበል አላየሁም። ብርቄ ግን እሑድ እሑድ እማማን በክንዷ ደግፋ ልደታ ትወስዳት ነበር። ልጅ አልወለደችም። ስለዚያ ቀን እኔ ጠይቄ አላውቅም፤ እነሱም አንስተውት አያውቁም።

ሶስና ይህን ሁሉ ሰምታ፣ «አሮጊቷ ከእናንተ ቤት እርጎ መግዛት ተወች?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አልተወችም» አልኳት። ፍልሰታ በተፈታ ቁጥር ትመጣ ነበር። እትዬ አስካለ ትቀዳላታለች። እማማ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸተዋለች፤ ቅጠል የሌለበት መሆኑን ታረጋግጣለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ትጠጣለች። ከዚያ ወዲህ እህቴ በእማማ እርጎ ላይ ቅጠል ጥላ አታውቅም፤ እማማ እስክትሞት ድረስ።

ሶስናን ታክሲ ይዤ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ደህና ነሽ፣ ጥቂት ዕረፍት ነው የሚያስፈልግሽ አሏት። ስንመለስ እሽጉን ይዤ ሶስና የገዛችበት ሱፐርማርኬት ገባሁና ለሻጯ ልጅ ለነፍሰ ጡር እንደማይሆን ጻፉበት አልኳት። «ፈቃድ ያለው ዕቃ ነው አባባ፤ እኛ አንጽፍበትም» አለችኝ በትሕትና። ሜክሲኮ ያገኘሁት ፋርማሲስት ትዝ አለኝ።

ስለዚህ እስክሪብቶዬን አውጥቼ በራሴ እሽግ ላይ በጉልህ ጻፍኩበት፤ «ለሽታ አንዲት ቅጠል። ላረገዘች እሷም ትቅር።» ጽሕፈቴ የታወቀ ነው፤ ከታተመው ይልቅ ይነበባል። መልሼ መደርደሪያው ላይ ከሌሎቹ ፊት አቆምኩት። ሶስና ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ትስቅብኛለች።

«አባባ፣ ያባርሩሃል!»

ያባርሩኝ። በእኛ ቤት የሚበላውን ጤና አዳም ሁሉ እኔ ያን እሑድ በልቼ ጨርሼዋለሁ።